የድንኳኑ ቦታ ጎመን

ጓደኛዬ አሁን የምትኖረው ሰበታ፣ ወንድሟ ዘንድ ነው። እኔ ቡራዩ፣ ሁለታችንም ያደግንበት ሰፈር ቀርቻለሁ። በስልክ እንገናኛለን፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ጥርስ ስላበቀለው የወንድሟ ልጅ እናወራለን። ስለ አትክልት ቦታችን ግን አንዳችንም አናነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ ገበያ ሆና ስትደውልልኝ «ጎመን ልገዛ ቆሜ…» ብላ ጀመረችና፣ ወሬውን ወደ ሽንኩርት መወደድ አዞረችው። እኔም ሽንኩርት ተወዷል አልኩ።

በአፌ ብዙም አይሆንልኝም። ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የቡድን ሥራ ሲቀርብ ጽሑፉን እኔ አዘጋጅ ነበር፣ ቆሞ የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ነው። በጽሑፍ ከሆነ ቀስ ብዬ እችላለሁ። ስለዚህ ያን በልግ እዚህ ላስቀምጠው።

ነገሩ የጀመረው ከጓደኛዬ እናት ምግብ መተው ነው። እናቷ በወጣትነታቸው ከመናገሻ በታች ባለ መንደር ገበሬ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተው፣ መሬቱ ላይ መጋዘን ሲሠራበት፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ሰፈር መጡ። የገቡበት ቤት ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት ጤና አዳም እንኳ የምትበቅልበት አፈር የለውም። ኦሮምኛውንና አማርኛውን አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ሲናገሩ አብሯቸው ያላደገ ሰው ይቸገራል፤ እኔ እዚያ ቤት ስላደግሁ ሁለቱም አንድ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር።

ሕመማቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው። በጥር ወር ሐኪሞቹ ልጃቸውን ለብቻዋ አነጋግረው ወደ ቤት መለሷቸው። ጓደኛዬ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የነገሯትን በሙሉ ለእኔም አልነገረችኝም። «ከበላች ትቆያለች ብለውኛል» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ መብላት የሚባል አንድ ጉዳይ ብቻ ቀረ።

እሳቸው ግን አይበሉም። ሁዳዴ ገብቷል። የንስሐ አባታቸው መጥተው «አንቺ ሕመምተኛ ነሽ፣ ወተቱም ሥጋውም ተፈቅዶልሻል» ቢሏቸው፣ «አባቴ፣ እርስዎ ፈቀዱ እንጂ ሆዴ መች ፈቀደ» ብለው መለሱላቸው። ሽሮ አንድ ሁለት ጉርሻ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የሚያምራቸው ጎመን ነበር። ጎመኑ ከገበያ ሲመጣ ደግሞ አሽትተው ይመልሱታል።

«ይሄ ወንዝ ዳር የበቀለ ነው። ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«ሦስቴ አጥቤዋለሁ እኮ እማዬ።»

«ውስጡንም አጠብሽው?»

ሐሰት አልነበረም። ወንዛችን አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ይወርዳል። ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ጎመን ግን ከሁሉ ቦታ ይበልጥ ይለመልማል። ያንኑ ነው ሰፈሩ በሙሉ የሚበላው። ጓደኛዬ ከሱሉልታ ጎመን አስመጣች፣ እሱንም አሸተቱና መለሱት። «ይሄም መንገድ ላይ ጢስ ጠጥቷል» አሉ።

በመጋቢት የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ እንደጣለ፣ ቀበሌው ሰፈራችን መሐል ያለውን ባዶ ሜዳ ነዋሪው ተከፋፍሎ አትክልት እንዲያለማበት ፈቀደ። ጓደኛዬ ስትሰማ እየሮጠች መጣች። «ራሳችን እንተክላለን። ሲበቅል እያየሁት ካደገ ምን ትላለች? ምንም አትልም» አለችኝ። እኔ የምሠራው ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እና ቅዳሜ ነጻ ነኝ። እሺ አልኳት።

እሑድ ጠዋት ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ በገመድና በድንጋይ እየከለለ ያዘ። እሷ እናቷን አጥባ፣ ልብስ ቀይራ እስክንወጣ ረፍዶ ነበር። ስንደርስ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ጥግ። ለጥ ያለ፣ የቦኖ ውሃው አጠገቡ። ማንም አልነካውም።

ለምን እንዳልተነካ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፣ ጓደኛዬም ታውቃለች። የሰፈራችን ቤት የተጠጋጋ፣ ግቢውም ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ከጎኑ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትላልቆቹ ድስቶች ይቀመጣሉ። አባቴም የተለቀሰው እዚያው ነው።

ጓደኛዬ ጥጉ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች።

«ውሃው ቅርብ ነው» አለች።

«ቅርብ ነው።»

«ጠዋት ፀሐይ ያገኛል።»

«ያገኛል» አልኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወዲያው «ኧረ እዚያ አይሆንም፣ የድንኳን ቦታ ነው» ይባል ነበር። እሷን ግን ማን ደፍሮ ይናገራት? እናቷ አልጋ ላይ ያለችን ልጅ «ይህን ቦታ ልቀቂ፣ ድንኳን ይተከልበታል» ማለት «እናትሽ ልትሞት ነው» ከማለት በምን ይለያል? ሟርት ነው። ሰዉ ሁሉ ገመዱንና ድንጋዩን ይዞ ወደ እኛ አየት እያደረገ ዝም አለ። ደግነት ነበር። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አፉን ሲይዝ አይቼ አላውቅም።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሁላችንም በሹመታቸው «ዳኛው» እንላቸዋለን። እሳቸውም መጡ። የቆርቆሮ ቤቱን ቁልፍ በጣታቸው እያዞሩ ትንሽ ቆሙ።

«ምን ልትተክሉ ነው ልጆቼ?»

«ጎመን ነው አባባ። ለእማዬ» አለች ጓደኛዬ፣ ቀና ሳትል።

ቁልፉ መዞሩን አቆመ።

«ያጽድቅላችሁ» አሉ። ከዚያ ቆርቆሮ ቤቱን ከፍተው ገቡ፤ ምን እንደሚሠሩ አላውቅም፣ ብዙ ቆይተው ወጡ።

መሬቱ በስንት ዓመት እግር ተረግጦ እንደ ሊሾ ሆኗል። ዶማው ይነጥራል። መጀመሪያ ቀን ያስነሣነው አፈር አንድ ጆንያ አይሞላም። የጠርሙስ ቆርኪ፣ የሦስት ጉልቻ አመድ፣ የዛገ የድንኳን ካስማ አወጣን። ካስማውን ጓደኛዬ አንሥታ ያለ ቃል ከአጥሩ ማዶ ወረወረችው።

«ዲግሪሽ ስለ ዶማ ምን ይላል?» አለችኝ ላቧን እየጠረገች።

«ስለ ዶማ አልተማርንም።»

«አራት ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ስትሠሩ ነበር?»

ከጎናችን ያለውን ቦታ የያዘችው ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ እንደ ወንድ ትቆፍራለች፣ ምላሷም አያርፍም። «አየሽው እጅሽን? ውሃ ቋጠረ» አለችኝ። «ይሄ ኪቦርድ አይደለም እናቴ፣ ቀስ ብለሽ ብትነኪው አይሰማም።» ጓደኛዬ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔም አፈር በአፈር ብሆንም ደስ አለኝ።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቆፈርን። ከብት ካላቸው ሰዎች ፍግ በጆንያ ተሸከምን። ጓል ሲጠነክርብን ማታ ውሃ አርከፍክፈንበት እናድራለን፣ በነጋታው እንሰብረዋለን። ወደ መናገሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች የሐበሻ ጎመን ችግኝ ገዝታ መጣች፤ በባጃጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ራሱን እየደገፈች። በተከልን በሁለተኛው ቀን ሌሊት ዘነበልን። ጠዋት ሄጄ ሳይ ሁሉም ቆሟል። አፈሩ ከመለስለሱ የተነሣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ።

እናቷ ቦታውን አላዩትም። መራመድ አይችሉም ነበር። ጓደኛዬም «ከቧንቧው ጎን ነው» ከማለት በቀር ጥጉን አልጠቀሰችም። ጎመንን «ራፉ» ነው የሚሉት፣ በኦሮምኛ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸው ውሃ አጠጥታ ስትመለስ ደኅንነቱን እንደ ሰው ይጠይቃሉ።

«ራፉ እንዴት አደረ?»

«ደህና አድሯል። ሰላም ብሎሻል።»

«ብርድ አልነካውም?»

«ኧረ ካንቺ ይሻላል፣ ብርድ ልብስም አይፈልግም።»

«ውሰጅኝና ልየው እንግዲህ።»

«ስትበረቺ።»

«እሱን ካላየሁ በምን እበረታለሁ?» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ የተማርሽ፣ ይቺን ልጅ ምከሪያት» ይሉኛል። እኔ ፈገግ እላለሁ። ከመናገር መሳቅ ይቀለኛል።

ከሆሣዕና ጥቂት ቀደም ብሎ ቅጠሉ ሊቀነጠብ ደረሰ። ጓደኛዬ የታችኛውን የታችኛውን መርጣ ቆረጠች፤ እዚያው ቧንቧው ሥር አጠበችው። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ ሠራችው። እናቷ ፊት ስታቀርበው ሁለታችንም ቆመን ቀረን። እንደ ልማዳቸው አሸተቱት። አንዴ ጎረሱ። አኘኩ፣ ዋጡ። ደግመው ጎረሱ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ማንም ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ አፈር አፈር ይላል» አሉ፣ ጣታቸውን እየላሱ። «ነገም አለ?»

ጓደኛዬ «አለ» ብላ ወጣች። ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። ውሃው ብዙ ከፈሰሰ በኋላ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሉ። በየቀኑ አይደለም፣ ብዙም አይደለም፣ ግን በሉ። ፋሲካን ተቀምጠው ዋሉ። በግንቦት ግድግዳ እየያዙ እስከ በሩ መሄድ ጀመሩ፤ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተንላቸው የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ፊታቸው ላይ ትንሽ ሥጋ የተመለሰ መሰለኝ። ሐኪሞቹ የተሳሳቱ ይሆናል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ጓደኛዬም እንደዚያው ሳታስብ አልቀረችም። «ቆስጣ እንጨምር» አለችኝ። «ለክረምት ደግሞ ድንች።»

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። የሞቱት የሰፈራችን የቀድሞ ጥበቃ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። እኔ ውሃ ላጠጣ ሜዳው ላይ ነበርኩ። የእድሩ ሰዎች ቆርቆሮ ቤቱን ከፍተው የድንኳኑን ቋሚና ሸራውን ተሸክመው ወጡ። ወጡና የጎመናችን ዳር ላይ ቆሙ። ዳኛው ጎመኑን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ ቃል ይጠበቅብኝ ነበር። ጀሪካኑን ይዤ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ።

«መንገዱ ላይ ትከሉት» አሉ ዳኛው።

«ባጃጁስ?»

«ይዙር።»

መንገዱ ኮብልስቶን ስለሆነ ካስማ አይገባበትም፤ ገመዱን ድንጋይ ላይ አሰሩት። ቦታው ለወንበሩ ሁሉ ስላልበቃ ግማሹ ለቀስተኛ እግሩን የጎርፍ ቦይ ውስጥ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ሙሾ ሲወረድ ባጃጆቹ ከሸራው ጎን እየተሹለከለኩ ክላክስ ያደርጋሉ። እኔና ጓደኛዬ ውሃ የምናዳርሰው አንገታችንን ደፍተን ነው። ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ብርጭቆ ስትመልስልኝ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲጠብቅ ኖረ፣ ዛሬም ደጅ አደረ። ጎመኑ ግን ደህና ነው?»

ጓደኛዬ ያልሰማች መስላ አለፈች።

የሰሙት እናቷ ናቸው። ስድቡን አይደለም፣ ለቅሶውን። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ወደ መንገዱ ነው።

«ለቅሶው ለምንድን ነው በዚህ በኩል የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ።

ጓደኛዬ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። «ለቅሶ ልድረስ፣ አልብሱኝ» አሉ። ቢለመኑ እምቢ አሉ። ግራና ቀኝ ደግፈን ወሰድናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አለቀሱ፤ ለሰውየው የሚገባውን አንድም ሳያስቀሩ አደረሱ፤ በረዶ ጥሎበት በነበረ ዓመት ሌሊቱን ሙሉ የሰፈሩን ቦይ እንደጠረገ ሳይቀር ተናገሩ። ባጃጅ ሲያልፍ ንግግራቸውን አቋርጠው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ስንወጣ «በሜዳው በኩል አሳልፉኝ» አሉ። ጓደኛዬ ክንዳቸውን ወደ ቤት ሳበች። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም፤ በመጨረሻ በሜዳው በኩል ወሰድናቸው።

ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። ጎመኑ በጣም አምሮ ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠዋት ያጠጣሁት ውሃ ገና ያልደረቀበት።

«ኢንታላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸው ነው እንዲያ የሚሏት። «እዚህ ነው?»

«ውሃው ቅርብ ነው እማዬ።»

«እኔ የዚህ እድር ሰው ነኝ። ሰው መንገድ ላይ አስለቅሼ አላውቅም። ንቀይው።»

«አልነቅለውም።»

«የሰው ማልቀሻ ላይ የበቀለ ነው ስታበይኝ የከረምሽው?»

«ስትበዪው ጣፍጦሽ ነበር።»

«ሳላውቅ ነዋ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ጎመን አልቀመሱም። ሳህኑ ሲመጣ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ጓደኛዬ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት እናቷ ስምምነት አቀረቡላት።

«ንቀይው፣ እበላለሁ። ከወንዝ ዳር የመጣውንም ቢሆን እበላለሁ። አላሸትም።»

ጓደኛዬ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ተከትያት ሄድኩ። ሜዳው ላይ፣ ጎመኑ መሐል ተቀምጣ አረም ስትነቅል አገኘኋት፤ አረም ግን አልነበረበትም። ሳስብበት የሰነበትኩትን ነገርኳት። «ወደ ላይኛው ጫፍ እናዛውረው። ክፍት ቦታ አለ። ውሃውን እኔ በጀሪካን አመላልሳለሁ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታም።»

«ከዚያስ? ይሄ ቦታ ባዶ ይሁን?»

«እድሩ…»

«ነቅዬ፣ ደልድዬ፣ አጽድቼ» አለች። «ለማን ነው የማዘጋጀው? እስቲ አንቺ ንገሪኝ። በዚህ ሰፈር ከእሷ በላይ የታመመ ሰው አለ?»

ከአጠገቧ ካለው ጎመን ላይ አንድ የደረቀ ቅጠል ቀነጠብኩ።

«ጎመኑ እያለ ድንኳን እዚህ አይተከልም። ሰውየው ሲሞት ተተከለ? አልተተከለም። ስለዚህ አልነቅልም።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ያልተናገርነውን ያን ዕለት ተናገረችው። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም የሌለውን አረም መንቀል ጀመርኩ። ራቅ ብሎ ሲታሰብ ሞኝነት ነው፤ የተማረ ሰው እንዲህ አይልም። እዚያ አፈር ላይ ተቀምጬ ግን ትክክል ነበር የመሰለኝ። የጥፍር ያህል እንኳ አልተጠራጠርኩም ብል ውሸት አይሆንም።

ዳኛው ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ለእኔ ያ ራሱ ትልቅ ጉዞ ነው። ምን እናድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተዉአት» አሉኝ። «ድንኳን የትም ይተከላል። ልጅቷን አታስጨንቋት።» ይህንን ለእናትየው ነገርኳቸው። «ዳኛው ደግ ሰው ነው» አሉ። አልበሉም።

ሰኔ ገባ። ጎመኑን የሚቀነጥበው ሰው ስለጠፋ ወደ ላይ ተመዘዘና ቢጫ አበባ አወጣ። ንብ መጣበት። ከሰፈሩ ሜዳ ሁሉ የሚያምረው የእኛ ጥግ ነበር። እናቲቱ ወደ ደጃፍ መውጣት ተዉ፣ ቀጥሎ መቀመጥ ተዉ። የጓደኛዬ ወንድም ከሰበታ እየተመላለሰ ያድር ነበር። ጓደኛዬ በማንኪያ ውሃ ታጠጣቸዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ስገባ እጄን ይዘው «ራፉ አበበ አሉ» አሉኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። «አዎ እማማ፣ አበበ» አልኩ። «አበባው ከወጣ ቅጠሉ ይመራል፤ አሁንማ የሚበላ አይደለም» አሉ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንደ ገበሬ ነው የተናገሩት።

በሳምንቱ ጎሕ ሳይቀድ አረፉ።

ጡሩምባው ሲነፋ እኔ እዚያው ነበርኩ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ሰዎች ቆርቆሮ ቤቱን ከፍተው ቋሚውንና ሸራውን ተሸከሙ፤ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ መንገዱ ያዙ። ጎመናችንን ዞረው ነው ያለፉት፤ አንዱ ቅጠል እንዳይረግጥ ቋሚውን ከፍ አድርጎ ሲሻገር አየሁት። ያኔ ጓደኛዬ ነጠላዋን በለቅሶ ወግ አጣፍታ ከቤት ወጣች። ሴቶች ሊይዟት ተከተሏት።

«የት ነው የምትወስዱት?» አለች።

ዳኛው ቀረቡ። «እዚሁ መንገዱ ላይ ነው ልጄ። አንቺ ግቢ።»

«እናቴ መንገድ ላይ አትለቀስም።»

ሮጣ ጎመኑ ውስጥ ገባች። የመጀመሪያውን ግንድ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው፣ ሁለተኛውን ነቀለች። ሴቶቹ ወገቧን ያዟት። «ኧረ በማርያም፣ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ያንቺ ሥራ አይደለም» ይሏታል። ሐዘንተኛ ዕቃ አያነሣም፣ ሥራ አይሠራም፣ ደንቡ ነው። እሷ ግን ትታገላቸዋለች። ከሁሉ ቀድማ ቀሚሷን ሸጉጣ የገባችው ጠላ ሻጯ ናት። «ተቀመጪ፣ እኔ እነቅልልሻለሁ» አለቻት፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። «አንዲት ሥር አላስቀርም። ተቀመጪ እሺ?» እኔም ገባሁ። ሌሎቹም ገቡ። ጎመኑ በቀላሉ ነው የሚነቀለው፤ አፈሩን ያን ያህል አለስልሰነው ነበር። አበባው ትከሻችንና ፀጉራችን ላይ ረገፈ። ጓደኛዬ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተይዛ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ ሲነቀል ታያለች። አላለቀሰችም። ነቅለን ስንጨርስ መሬቱ ላይ የቀረው ጥቁር፣ የተከፈተ አፈር ነው። ድንኳኑ እዚያው ላይ ተተከለ።

ከቀብር ስንመለስ ዝናቡ ከየካ ወይም ከእንጦጦ በኩል አይደለም፣ ከመናገሻ በኩል ተነሣ። ያ ዝናብ ቀልድ አያውቅም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። ነፋሱ ሸራውን ገፋ አድርጎ ሲያነሣው አንዱ ካስማ ተፈልቅቆ ወጣ። መልሰው መቱት፤ እንደገና ወጣ። ሌላኛውም ተከተለው። ያ ጥግ ለስንት ዓመት ካስማ ሲይዝ የኖረ መሬት ነው፤ አሁን ግን እንደ ገንፎ ሆኗል። የወንበሮቹ እግር በለቀስተኛው ክብደት እየሰመጠ አንዱ ወገን ዘመመ። ቋሚዎቹ መንገዳገድ ጀመሩ። ዳኛው «ገመዱን ያዙ» ብለው ተጣሩ፤ ወንዶቹ ወጥተው በየማዕዘኑ ገመዱን በእጃቸው ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ድንጋይ ፍለጋ የሄዱም ነበሩ። ዳኛው ራሳቸው የአንዱን ማዕዘን ገመድ ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው፣ ባርኔጣቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ወደ ኋላ ተደግፈው ያዙ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ሲንሸራተት ይታየኛል።

ድንኳኑ ውስጥ ስለ ሟች እየተነገረ ነበር። ጓደኛዬ ከፍራሹ ተነሣች። ሊይዟት ሲሞክሩ በመካከላቸው አለፈች። ተከተልኳት። ዝናቡ ወዲያው ነጠላዋን ከጀርባዋ ጋር አጣበቀው። ዳኛው ጋ ሄዳ ከኋላቸው ያለውን ትርፍ ገመድ አነሣች።

«ምን ሆነሽ ነው? ግቢ ልጄ። ለቅሶሽን ተቀመጪ።»

«መሬቱን ያላላነው እኛ ነን አባባ» አለች።

ዳኛው ዞረው አዩዋት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠግተው ቦታ ለቀቁላት። እሷ ገመዱን በመዳፏ ላይ አዞረችና ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ተክላ ወደ ኋላ ተለጠጠች። እኔ ከእሷ ኋላ ገባሁና ጫፉን ያዝኩ። ነፋሱ ሲመጣ ሦስታችንንም ይጎትተናል፣ ሲመለስ እንቆማለን። ገመዱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሲስብ መዳፌን ላጠው። እሷ ማልቀስ የጀመረችው እዚያ ነው፣ ድምፅ አውጥታ፣ ገመዱን ሳትለቅ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ማንም ግቡ አላለንም።